ከእትዬ ዘነቡ ራስ በላይ

ባለፈው ቅዳሜ መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ ምሳ ጋብዞ ነበር። ቶንፒንግ ሰፈር ካሉት ግቢዎች የእኛ ሰፋ ይላል፤ ከጄኔሬተሩ ክፍል ጀርባ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ። ምግቡ እስኪደርስ ወንዶቹ እዚያ ኳስ ይራገጣሉ። እኔ ባዶ ሳህኔን ይዤ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ቆሜአለሁ። ድንገት ኳሷ ከመካከላቸው አምልጣ፣ ነጥራ ነጥራ እግሬ ሥር መጣች። ሳህኑን እንኳ አላስቀመጥኩትም። አንድ እርምጃ ተራምጄ በቀኝ እግሬ የውስጥ ጎን መታኋት። ከቆሙት መኪኖች በላይ ታጥፋ ሄዳ፣ ወዲያ ጥግ ብቻውን የቆመው ሾፌር ግንባር ላይ አረፈች። ልጁ መዝለል እንኳ አላስፈለገውም።

«ምሕረት! ይሄን ደግሞ የት ተማርሽው?» አለኝ አንዱ እየሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚሁ፣ ጁባ» አልኩና ውሃ የማመጣ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ውሃውንም ሳላመጣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ብዙ ቆየሁ።

ሠላሳን ገና የተሻገረች ሴት «በወጣትነቴ ጊዜ» ብላ ስትጽፍ የሚስቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ግን ጁባ ውስጥ ሰው የሚያረጀው በዕድሜው ሳይሆን በሸኛቸው ሰዎች ብዛት ነው። ጓደኛ ታፈራለህ፤ ኮንትራቱ ያልቅና ኤርፖርት ድረስ ትሸኘዋለህ። ሌላ ታፈራለህ፤ ሁኔታው ይበላሽና እሱም ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ እኔ አሮጊት ነኝ።

ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ሥራዬ ከመሥሪያ ቤቱ የመስክ ጣቢያዎች የሚላኩ ሪፖርቶችን ማረም ነበር። ቁጥር ከቁጥር ጋር ካልገጠመ እመልሰዋለሁ፤ ከገጠመም ደግሜ አየዋለሁ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ጉርምርምታ እየሰማሁ ጣሪያ አያለሁ።

ከዚያ ያወጣችኝ እትዬ ዘነቡ ናት። ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። ዓሣ ጥብሷን በዳጣ ሊበሉ የሚመጡ ሰዎች በምሳ ሰዓት መንገዱን በመኪና ይዘጉታል። አርባን ያለፈች፣ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከማድቤት እስከ መንገድ የሚሰማ ሴት ናት። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለብሳ ተጫውታለች። አንድ ቀን ብቻዬን ስበላ አየችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«የኔ እናት፣ ሴት ልጅ ጁባ መጥታ ከቢሮና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መሄጃ ከሌላት ታብዳለች። ትሮጫለሽ?»

«እ... ትንሽ።»

«በቃ፣ ነገ ማላኪያ ሜዳ። ጫማ ካጣሽ እኔ ጋ አለ።»

ቡድኑ የእሷ ነበር። ማልያውን የገዛችው እሷ፣ አሰልጣኟ እሷ፣ አምበሏ እሷ፣ ዘጠኝ ቁጥሯም እሷ። ግማሾቻችን ሆቴል፣ ባንክና ፀጉር ቤት የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ነን። ግማሾቹ ኢትዮጵያ በስደት አድገው ወደ አገራቸው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው፤ ሜዳ ላይ የሚሰዳደቡትም የሚቀልዱትም በአማርኛ ነው። እትዬ ዘነቡ በመጀመሪያው ቀን ለሁላችንም ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ «እርስዎ አትበሉኝ። እርስዎ ብላችሁ እስክትጨርሱ ኳሱ አውት ይወጣል።» ታዘዝን፤ አንቺ አልናት። እትዬ ማለቱን ግን መተው አልቻልንም።

ከጨዋታ በኋላ ላብና አቧራችንን ይዘን ወደ ምግብ ቤቷ እንሄዳለን። ትልቁ ትሪ መሐል ይቀመጣል፤ የዓሣው ትኩስ ሽታ ከሎሚውና ከዳጣው ጋር ይመጣብናል። ታዲያ የቱንም ያህል ቢርበን እሷ ሳትቆርስ ማንም እጁን አይሰድም። ስልክ ላይ ከሆነች ዓሣው ይቀዘቅዛል እንጂ አንነካውም። ይሄን ሕግ ማንም አላወጣውም። አዲስ አበባ ያደግነውም፣ ጋምቤላ ያደጉትም ሲሠራበት እያየን ነው ያደግነው።

እኔን ቀኝ መስመር ላይ አደረገችኝ። ለዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። መሐል ሜዳ ያለ ሰው ከየአቅጣጫው ይታያል፤ የመስመር ተጫዋች ግን ግድግዳ እንደተደገፈ እንግዳ ነው። መሮጥ አላቃተኝም። ያቃተኝ ሮጬ ጥግ ከደረስኩ በኋላ ያለው ነገር ነው። እዚያ ስደርስ ማሻማት አለብኝ፤ የማሻማው ኳስ ግን ወይ ከጎሉ ጀርባ ያለው ማንጎ ላይ ይወጣል፣ ወይ የመጀመሪያዋ ተከላካይ ጉልበት ላይ ይቀራል።

ከኛማል ጋር የተግባባነው በዚሁ ሰበብ ነው። ኛማል ኑዌር ናት፤ ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች። ጋምቤላ አካባቢ ባለ የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ተምራ፣ ወደ ጁባ የመጣችው ከእኔ ትንሽ ቀደም ብላ ነው። አገሯ ነው፤ ገበያ ላይ ዓረብኛዋን የሰማ ሁሉ ግን «ሐበሺያ» ይላታል። ሥራ ስትጠይቅ እንግሊዝኛሽ ይቀራል፣ ዓረብኛሽም ይቀራል ይሏታል። «የተረፈኝ አማርኛ ነው» ትላለች፣ «እሱን ደግሞ እዚህ ማን ይግዛኝ?» ጉደሌ ሰፈር ከአጎቷ ቤተሰብ ጋር ተጣብባ ትኖራለች። ለቡድኑ ሁለተኛ አጥቂ ናት። ስትዘል፣ ሌላው ሰው ወደ መሬት ሲመለስ እሷ ለአፍታ እዚያው ላይ የምትቆይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኳሴን ማንጎው ላይ ከሰቀልኩ በኋላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ምሕረት፣ ኳስ ነው እኮ፤ ሪፖርት አይደለም። አርመሽ፣ አጣርተሽ፣ ደግመሽ አይተሽ ነው እንዴ የምትልኪው? አንቺ እስክትጨርሺ ተከላካዮቹ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ግቢ ስመለስ ግን ቦዳ የምንለው የሞተር ታክሲ ላይ ሆኜ ነገሩን አሰብኩት። ልክ ነበረች። ጥግ ስደርስ ኳሷን አቆማለሁ፤ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ኳሷን አስተካክላለሁ፤ እንደገና ቀና እላለሁ። እስከዚያ ያየሁት ሁሉ ተቀይሯል።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን እትዬ ዘነቡ ወሬ ይዛ መጣች። የአንድ የሴቶች ክለብ አሰልጣኝ ተጫዋች ፍለጋ ከሌላ ከተማ ወደ ጁባ ትመጣለች፤ ከሰፈሩ ቡድን ጋር የምናደርገውን ጨዋታም ታያለች። ክለቡ ለሚወስዳት ልጅ ማደሪያና ምግብ ይሰጣል፤ ትንሽ ደሞዝም አለው። ሁላችንም ኛማልን አየናት። እሷ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ነበር፤ ቀና አላለችም።

የዚያን ቀን እኔና እሷ አብረን በእግር ተመለስን። መንገዱ በቀይ ጭቃ ውሃ ተሞልቷል፤ የውሃ ቦቴዎች ሲያልፉ ወደ ጥግ እየዘለልን ነው የምንሄደው።

«ይቺ ዕድል ካልሆነች አለቀ» አለችኝ። «አጎቴ ከመንደር የወንድሙን ልጆች ሊያመጣ ነው። ለእኔ ቦታ የለም። ወደ ካምፕ ተመለሺ ብሎኛል።»

«ወደ ጋምቤላ?»

«ታዲያ የት? አገሬ ግቢ ተብዬ መጣሁ፤ አገሬ ሞልቷል።» ቦቴ እስኪያልፍ ጥግ ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ በእግሬ ማንንም አላልፍም። ያለኝ ቴስታ ብቻ ነው። ቴስታ ደግሞ የሚያሻማ ይፈልጋል። የምታሻሚው አንቺ ነሽ። አየሽልኝ ጉዴን?»

እየሳቀች ነበር የተናገረችው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ማላኪያ ሜዳ ተገናኘን። በዝናብ ወራት የጁባ ማለዳ ደስ ይላል፤ አየሩ ገና አልጋለም፣ አቧራው ተኝቷል፣ ከየግቢው የከሰል ጭስ ይወጣል። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ሻይና መንዳዚ የሚሉትን በዘይት የሚጠበስ ዳቦ ትሸጣለች፤ ዘይቱ ሲፈላ ሽታው ሜዳው ድረስ ይደርሳል። ሜዳው ግን አሳዛኝ ነበር። በእኔ መስመር የጭነት መኪና ያረሰው ጎድጓድ ውሃ አቁሯል፤ ፍየሎች መሐል ሜዳ ላይ ይግጣሉ። ኳሷ ውሃ ጠጥታ ድንጋይ አክላለች። ከእትዬ ዘነቡ የተዋስናቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች በተከላካይ ቦታ አቆምናቸው።

በስልኬ ብዙ ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ የቆመው እግር ኳሷ አጠገብ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ወገብ እንዴት እንደሚዞር። ጠቅሞኛል። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ኛማል ደጋግማ የምትጮኸው ነገር ነው።

«እኔን አትፈልጊ! እኔን ከፈለግሽ ትዘገያለሽ። ቦታውን ምቺ፤ እኔ እደርሳለሁ።»

ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ኳስ መጣል ለእኔ ከባድ ነበር። በሥራዬ ተቀባዩን ሳላረጋግጥ አንዲት ገጽ አልክም። እዚህ ግን ኳሷ እግሬ ጋ ከመድረሷ በፊት አንዴ ብቻ ቀና እላለሁ፤ ከዚያ ሳላቆማት፣ በሁለተኛው ቋሚ ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ቦታ እልካታለሁ። በመጀመሪያ ፍየሎቹን አሳደድኩ። ቀስ በቀስ ኳሷ ከወንበሮቹ በላይ መውጣት፣ ከዚያም ወደ ጎሉ መታጠፍ ጀመረች። አንድ ጠዋት በተከታታይ ያሻማኋቸው ሁሉ ግንባሯ ላይ አረፉ። ሻይ ሻጯ ማንኪያዋን አንስታ እልል አለችልን፤ ኛማል ጭቃው ላይ ተንበርክካ «ኸላስ! ይቺ ናት! ይቺ ናት!» እያለች ጮኸች። ቢሮ የገባሁት ጭቃ የነካ ሱሪ ለብሼ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

እሑድ ከሆቴል ሠራተኞች የሴቶች ቡድን ጋር ተጫወትን። ያ ሁሉ ልፋት አፈር በላ።

ሮጬ ጥግ እደርሳለሁ። ቀና እላለሁ። በመጀመሪያው ቋሚ እትዬ ዘነቡ እጇን አንስታ ቆማለች። «ምሕረትዬ! በራሴ! በራሴ!» እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ኳሷን ለእሷ ይሰጣል። እሷ ለመዝለል ትሞክራለች፤ ጫማዋ ከመሬት ትንሽ ይነሳል፤ ተከላካይዋ ቀድማ ታወጣታለች። እንደገና እሮጣለሁ፣ እንደገና ያው። በግራ መስመር የምትጫወተው የባንክ ቤት ልጅም የምትሰጠው ለእሷ ነው። አንዴ ኳሷ ከእግሬ ስታ ከእትዬ ዘነቡ በላይ አለፈች፤ ልክ ጠዋት ጠዋት እንደምንለማመደው ኛማል ጋ ሄደች። ኛማል ዘለለች። ግን እትዬ ዘነቡ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ለመግጨት ስትነሳ ኛማል አየቻትና አየር ላይ ራሷን ሰበሰበች። ኳሷ በሁለቱ መካከል አልፋ ወጣች።

«ለምን አልገጨሻትም?» አልኳት ስንወጣ።

«እትዬ ዘነቡን በክርኔ ልምታት እንዴ? ምን ነካሽ?»

ያኔ ነው የገባኝ። የማሻማት ችግር አልነበረም፤ ወይም እሱ ብቻ አልነበረም። ትሪው ዙሪያ የምናደርገውን ሜዳ ላይም እያደረግን ነበር። እሷ ሳትቆርስ ማንም እጁን አይሰድም።

የሚነግራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ማንም ፈቃደኛ አልሆነም። ኛማል ጭራሽ «ካምፕ ብመለስ ይሻለኛል» አለች። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት፣ ምሳ ተበልቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ እኔው ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እትዬ፣ ስለ ማሻማቱ ነበር...»

«ተሻሽለሻል እኮ! ያላየሁ መሰለሽ?»

ቃል ስለማይሆንልኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሰበሰብኩ። «ይሄ ጎሉ ነው። ይቺ የሚጥሚጣ ብልቃጥ አንቺ ነሽ።»

«ሚጥሚጣ፤ ጥሩ፤ እስማማለሁ።»

«ይቺ ረጅሟ ጠርሙስ ኛማል ናት። እኔ ከዚህ ሳሻማ...» ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም። ጠርሙሱን ከብልቃጡ ጀርባ አቆምኩት።

እትዬ ዘነቡ ጠረጴዛውን አየች። ሽንኩርቱን መላጥ አቆመች።

«ሚጥሚጣዋ መንገድ ዘግታለች» አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ማንም ምንም አላለም እትዬ።»

«እሱማ አይባልም።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስለዚህ እጄን ሳነሳ ኳሱን የምትሰጡኝ ትደርስበታለች ብላችሁ አይደለም። ታላቅ ናት ብላችሁ ነው። እንደ ጉርሻ።» ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «እኔ እኮ ገና የምደርስ ይመስለኝ ነበር።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እጇን ስትታጠብ የውሃው ድምፅ ብዙ ቆየ። ስትመለስ ብልቃጡን አንስታ ወደ ጎሉ ጥግ አስጠጋችው።

«እኔ ወደ መጀመሪያው ቋሚ እሮጣለሁ። እጄን አነሳለሁ፣ በራሴ ብዬ እጮሃለሁ። ተከላካዮቹ እኔን ይከተላሉ። አንቺ ከራሴ በላይ አሳልፊው። ለዚያችም ንገሪያት፤ ብትራራልኝ እቀየማታለሁ።»

«እሺ እትዬ።»

«ልጅቷ ይለፍላት በቃ» አለች፤ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከእሷ ቤት ብዪ ሳልባል የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨዋታው በደረቅ ቀን ዋለ። የክለቡ አሰልጣኝ ኮፍያ ያደረገች ቀጭን ሴት ናት፤ ማንጎው ጥላ ሥር ወንበር ተሰጣት። ካርቱም ያደገች ስለሆነች የምታወራው በዓረብኛ ነው። ኛማል ወደ እሷ አንዴም አላየችም፤ ሲሞቀን እንኳ ውሃ ለመጠጣት ወደዚያ ጎን አልመጣችም።

የመጀመሪያውን ያሻማሁት ብዙም ሳንቆይ ነው። እትዬ ዘነቡ ወደ መጀመሪያው ቋሚ ሮጠች፤ ሁለት ተከላካዮች ተከተሏት። እጇ ተነስቷል፤ «በራሴ! ምሕረትዬ፣ በራሴ!» እያለች ትጮሃለች፤ ደግሞ ከልቧ ነው የምትጮኸው። ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ ባዶውን ቦታ መታሁ። ኳሷ ከራሷ በላይ አልፋ ታጠፈች። ኛማል ደርሳለች። በረኛዋ ስትዞር ኳሷ መረቡ ውስጥ ነበረች። ከዕረፍት በኋላ ልክ እንደዚያው ሆነ፤ ኳሷ ይበልጥ ከብዳ፣ ይበልጥ ከርቀት፤ ያም ገባ። አሸነፍን። እትዬ ዘነቡ ያን ሙሉ ጨዋታ እጇን እንዳነሳች፣ እንደማይመጣላት ወደምታውቀው ኳስ ስትሮጥ ዋለች። እንደዚያ ቀን ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ፊሽካው ሲነፋ አሰልጣኟ በእጇ ጠራችን፤ ኛማልንና እኔን። ኛማል እጄን ጨብጣ ነበር የምትሄደው።

አሰልጣኟ የምታየው እኔን ነው። በዓረብኛ ተናገረች። ያኔ የእኔ ዓረብኛ ስንት ነው፣ ቀንስ ከሚለው አያልፍም። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፤ ፈገግ ብላ በዓረብኛ ቀጠለች። ስለዚህ ኛማል አስተርጓሚ ሆነች።

«ምን አለች?»

ኛማል እጄን ለቀቀች። ከዚያ «አንቺን ነው የምፈልገው አለች» አለችኝ።

«ተሳስታ ነው! ግቦቹን ያገባሽው አንቺ ነሽ። ንገሪያት።»

ነገረቻት። አሰልጣኟ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እጇን ኛማል ትከሻ ላይ አድርጋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ኛማል እየሰማች አንድ በአንድ መለሰችልኝ፤ ምንም አልዘለለችም።

«ረጃጅም አጥቂ ሞልቶኛል ትላለች። እዚህ አገር ረጅም ሴት መቼ ጠፋ ትላለች። የጠፋው ኳስ የሚያደርስላቸው ነው ትላለች። እንዳንቺ የምታሻማ ስፈልግ ነው የኖርኩት ትላለች።»

«የቢሮ ሠራተኛ ነኝ በያት። የዚህ አገር ሰው አይደለሁም በያት። እሷን ውሰጃት፣ ሌላ የሚያሻማ እዚያ ታገኛላችሁ በያት።»

ኛማል አጭር ነገር ተናገረች፤ እኔ ካልኩት በጣም ያጠረ። አሰልጣኟ ቁጥሯን ስልኬ ላይ መዘገበችልኝ። ለኛማል «ማሌሽ»፣ ይቅርታ፣ አለቻት፤ ኮፍያዋን አስተካክላ ሄደች።

ከሜዳው ስንወጣ «ምን ነበር ያልሻት?» አልኳት።

«ታፍራለች አልኳት። አሁን እምቢ ብትልም ተያት፤ ታስብበታለች አልኳት።»

«ለምን?»

«አንቺ ከገባሽ አንድ ቀን አጥቂያቸው ትጎዳለች። ያኔ ትጠሪኛለሽ።» እንደ ወትሮዋ እየሳቀች አልነበረም። ፊቷን አይቼ ቀልድ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

ሰኞ ለአሰልጣኟ ደወልኩ። ለማላውቀው ሰው፣ ያለ ሥራ ጉዳይ፣ በራሴ ፈቃድ ስደውል የመጀመሪያዬ ነበር። ዓረብኛ የሚያውቅ የቢሮ ባልደረባዬን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ኛማልን አብረሽ የምትወስጂ ከሆነ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ በላት አልኩት። ከልቤ ነበር? ይመስለኛል። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል እያሰብኩ እንኳ ነው ያልኩት። ባልደረባዬ ቀስ እያለ ይተረጉምልኛል። ያለው ማደሪያ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ በመሥሪያ ቤቴ ስም መሆኑን ስትሰማ ደግሞ እኔንም ተወችኝ፤ ለውጭ ዜጋ ጉዳይ የምትሮጥበት አቅም የላትም። እንግዲያው ያንን አንዱን ቦታ ለኛማል ስጫት አልኩ። ባልደረባዬ ጠየቀ፤ ሰማ፤ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «ረጅም አጥቂ ሞልቶኛል፣ ያንኑ ነው የምትለው» አለኝ። መስመሩ ተዘጋ።

ለኛማል ስነግራት አላለቀሰችም። «አንቺ ደወልሽ?» ብቻ አለችኝ፤ «በገዛ እጅሽ?»

ዝናቡ ቀንሶ መንገዱ ጠንከር ሲል ኛማል ወደ ካምፑ ሄደች። እትዬ ዘነቡ የተጠበሰ ዓሣ በፕላስቲክ ቋጥራ አመጣችላት፤ ለመንገድ እንደማይሆን፣ በዚያ ሙቀት ከቀትር በፊት እንደሚበላሽ ሁለቱም ያውቃሉ። ኛማል ተቀበለቻት፤ አቀፈቻት፤ ጎንበስ ብላ ነው ያቀፈቻት።

እትዬ ዘነቡ ከዚያ በኋላ ማልያ አልለበሰችም። ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ዘጠኝ ቁጥሩን የሚወስድ አልተገኘም፤ እሷ እያለች ማን ይለብሰዋል? እኔ መሮጤንና ማሻማቴን ቀጠልኩ፤ እግሬ ለምዷል። ኳሷ ከሁሉም በላይ አልፋ፣ ታጥፋ፣ ሁለተኛው ቋሚ ፊት ለፊት ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ትወድቃለች። «ቆንጆ ነበረች» ይሉኛል ልጆቹ፣ እንዳይከፋኝ። በሚቀጥለው በጋ እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤቱን ለሌላ ሰው አስተላልፋ አዲስ አበባ ገባች። ቡድኑም እዚያ ላይ አበቃ።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ባልሻሻል ኖሮ ኳሶቼ ማንጎው ላይ እንደተሰቀሉ ይቀሩ ነበር፤ አሰልጣኟ ኛማልን አታያትም፤ ስለዚህ አትወስዳትም። ተሻሻልኩ፤ አሰልጣኟ ያየችው እኔን ነው፤ ስለዚህ አልወሰደቻትም። ዓረብኛ ባውቅ፣ አገሬው ብሆን፣ ማደሪያው የሁለት ሰው ቢሆን እያልኩ በሁሉም መንገድ አስልቼዋለሁ፤ ማስላት ሥራዬ ነው። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፤ ድምሩ ሁልጊዜ ያው ነው። ልፋት ሰውን ያሻግራል ተብለን ነው የተማርነው። እኔ ለፋሁ፤ ኛማልም ለፋች፤ እትዬ ዘነቡ ከሁላችንም በላይ ከባዱን ሰጠች። ማንም የበደለን የለም፤ የምቆጣበት ሰው አጥቼ ነው የቀረሁት።

ኛማል ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ ሲገኝ አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ከጀርባዋ ልጆች ይጮሃሉ፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል። በዚህ ወር የላከችው አጭር ነው። ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ አገባሽ ወይ ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ «እዚህ ሜዳ አለ» ትላለች፤ «ኳስም አለ። ማታ ማታ እንጫወታለን። የሚያሻማ ግን የለም።»

አይዞሽ ብዬ ላክሁላት። ሌላ ቃል ፈልጌ ብዙ ቆይቻለሁ፤ አላገኘሁም።